የሠርክ ጥሎሽ በፍተሻ በር

ሠርክን የማያውቅ የናይሮቢ ሐበሻ ካለ፣ ወይ አዲስ ገቢ ነው ወይ ሆዱን የማይወድ ሰው ነው። ሁርሊንግሃም፣ አርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች በአንደኛው ወጥ የምትሠራው እሷ ናት። የምግብ ቤቱ ባለቤት በየጊዜው ይቀያየራል፣ ስሙም አብሮ ይቀየራል፤ ሠርክ ግን ከነማማሰያዋ እዚያው ናት። የእኔ ሱቅ ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍና ኮረሪማ እሸጣለሁ። በርበሬዬን ስታጣጥል ደንበኛ ይሰማል አትልም፤ ሱቄ በር ላይ ቆማ "ጋሽ ገብሬ፣ ይኼ በርበሬ ነው ወይስ ቀይ አፈር?" ትለኛለች። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ዘመን ኖርን። እህት የለኝም፤ ብትኖረኝም እንደ ሠርክ የምትነዘንዘኝ አይመስለኝም።

ቤቷ ካሳራኒ ነው፤ ከቲካ መንገድ ገባ ብለው ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ሊፍት በሌለው፣ ከላይኛው ደርብ። ጠዋት በማታቱ፣ በሚኒባስ ማለት ነው፣ ከተማ ትወርዳለች፣ ከከተማ ሌላ ማታቱ ይዛ ሁርሊንግሃም ትደርሳለች፣ ማታ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። ልጇ ትንሽ በነበረ ጊዜ ደግሞ የዕረፍት ቀኗን ሩንዳ ሄዳ የዲፕሎማቶች ልብስ ትተኩስ ነበር። ልብስ አጣጠፍ የተማረችው እዚያ ነው። እሷ ያጠፈችው ቀሚስ አገር አቋርጦ ሲከፈት አንዲት መስመር አይወጣበትም፤ ስለዚህ የናይሮቢ ሐበሻ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሻንጣውን የሚያሰናዳው በእሷ እጅ ነው። ለዚህ ምንም አትቀበልም። መመረቅ ትወዳለች፣ ምርቃቱን ብቻ ትቀበላለች።

አቤል አንድ ልጇ ነው። ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ። አማርኛው የእናቱ ነው፣ ሲቸኩል ግን እንግሊዝኛውና ስዋሂሊው ይቀድሙታል። ኮምፒውተር ተምሮ ጥሩ ሥራ ይዟል። ምርቃት የምትባለውን እጮኛውን ያወቃት ለሥልጠና ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ነው። ምሳ ሊጋብዛት እናቱ ዘንድ ምግብ ቤት አመጣት፤ ሠርክ ከወጥ ቤቱ መስኮት አየቻትና ወደ ሱቄ ብቅ ብላ "ይህቺ ትሆናለች" አለችኝ። ምኗን አይታ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ልጅቷ እንጀራ አስጨምራ ነበር፤ ለሠርክ ይህ ሳይበቃ አልቀረም።

የምርቃት ወገኖች ወግ የሚያውቁ፣ ወግ የሚያስከብሩ ሰዎች ናቸው። ሠርጉ አዲስ አበባ እንዲሆን፣ ጥሎሹም እንደ ደንቡ በሽማግሌ ፊት ተከፍቶ ዕቃው አንድ በአንድ እየተነሣ እንዲታይ ተስማማን። የአቤል አባት በሕይወት ስለሌለ "በወንዱ ወገን ቆመው ጥሎሹን የሚያነሡት እርስዎ ነዎት" ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁም። ሽማግሌ ሲለመን ትንሽ መኮፈስ አለበት።

እዚህ ላይ የሠርክን የራሷን ጥሎሽ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ሠርክ የዲላ ልጅ ናት። ባሏ ይድነቃቸው እዚህ ናይሮቢ መካኒክ ነበር፤ ደህና ሰው ነበር፣ አውቀዋለሁ። ሊያገባት ሲወስን ጥሎሹን በሳጥን ቆልፎ በሰው እጅ ዲላ ድረስ ላከ። አባቷ ግን ደረቅ ሰው ነበሩ። "ሠርጉ ናይሮቢ ከሆነ ሳጥኑም ናይሮቢ ይከፈት" አሉና ያ ሳጥን እንደተቆለፈ ከሙሽራዋ ጋር ወደ መጣበት ተመለሰ። ስትነሣ እናቷ ተጠግተው "የተመረቀ ጥሎሽ መንገድ ላይ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ትዳሩ አይረጋም" አሏት። ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። እኔ ጎንደሬ ነኝ፤ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲባል አልሰማሁም። እናት የተናገረችው ግን ከጳጳስ ግዝት ይጠናል።

ሠርክና አጎቷ በጭነት መኪና ሞያሌን ተሻገሩ። ከድንበር ወዲህ አንድ ኬላ ላይ ሳጥኑ ተከፈተ። ፈታሾቹ ምንም አልወሰዱም፤ ሥራቸው ነው፣ አይተው ዘጉና "ሂዱ" አሏቸው። ሠርጉ ተደገሰ፣ አቤል ተወለደ፣ ልጁ ገና ጡት ሳይጥል ይድነቃቸውን ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጭቶ ገደለው። ሠርክ ከዚያ ወዲህ አላገባችም። ጠያቂ አልጠፋም ነበር። "የእኔ ጥሎሽ መንገድ ላይ ተከፍቷል" ትላቸዋለች፤ ሰው ቀልድ እየመሰለው ይስቃል። እኔ ግን አንድም ቀን ስትስቅበት አላየሁም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የልጇ ጥሎሽ ሲደርስ ሠርክ የፈራችው የሠርጉን ወጪ ወይም የምርቃትን አክስቶች አፍ አልነበረም። የፈራችው ያንን መንገድ ነው።

ቀሚሱን ከሽሮ ሜዳ አስመጣች። ከሽሮ ሜዳ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ተመልሶ አዲስ አበባ! "እዚያው ስንደርስ ብንገዛውስ?" ብላት "ጥሎሽ የሚወጣው ከወንዱ ቤት ነው" አለችኝ። የወርቅ ሐብል አለ፣ ጫማ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ ለምርቃት እናት ነጠላ አለ፤ ከእኛው አገር፣ ናይሮቢን ማለቴ ነው፣ ኪኮይ የሚሉትን ባለ መስመር ጨርቅና ሻይ ቅጠል ጨመረችበት። ሽቶም አለ። ያ ሽቶ! ያን ያህል ጠርሙስ ከየትኛው ሱቅ እንዳገኘችው እንጃ።

ይህን ሁሉ በአንዲት ቀይ የእጅ ሻንጣ አስገባችው። እንዴት እንደገባ እኔ አልነግራችሁም፤ ጫማው ውስጥ ሻይ ቅጠሉ፣ በሻይ ቅጠሉ ላይ ሐብሉ፣ በቀሚሱ መሐል ሽቶው፤ ጃንጥላው እንኳ አጣጥፋ የምትከተው ዓይነት ነው። ከዚያ የነፍስ አባቷ መጥተው መረቁት፣ ቁልፉን ቆለፈችው። በዚህ አልበቃትም። ነጭ አቡጀዲ ለክታ ዙሪያውን ሰፋችው። ዚፑም ቁልፉም አይታይም፤ መያዣው ብቻ በቀዳዳ ብቅ ብሏል። ሊጠመቅ የሚሄድ ሕፃን አስመሰለችው።

እኔ ለንግዴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ የአውሮፕላን ጣቢያን ጠባይ አውቃለሁ። ስለዚህ እዚያው ቤቷ ተቀምጠን መከርኳት።

"ሠርክ፣ ይህን ከሌላው ሻንጣ ጋር ከታች እናስጭነው።"

"ጥሎሽ ይወረወራል? የአውሮፕላን ጣቢያ ልጆች ሻንጣ ሲወረውሩ በስልክ አይቻለሁ። ጥሎሽ በእቅፍ ነው የሚሄደው።"

"እሺ፣ ሽቶውን አውጪና እሱን ብቻ ከታች ስጪው። በእጅ ሻንጣ ትንሿን ጠርሙስ እንጂ ይህን አያሳልፉትም።"

"ተመርቆ ከተዘጋ በኋላ ልክፈተው? ደግሞስ ጥሎሽ ይከፋፈላል?"

"ታዲያ ከመጀመሪያው ትንሿን አትገዢም ነበር?"

ትክ ብላ አየችኝ። "ጋሽ ገብሬ፣ እርስዎ ሽማግሌ ሆነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ ሊያነሡ? የምርቃት አክስቶች ምን ይላሉ?"

እንዲህ ስትለኝ አክስቶቹ ተደርድረው ታዩኝ። አቤልም ሞከረ። "እማ፣ ሊኩዊድ አይፈቀድም፣ ሩል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ያስከፍቱሻል" አላት። "አንተ ሙሽራ ነህ፣ ዝም በል። እንዳይከፈት ለእመቤቴ ነግሬያለሁ" አለችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ተውናት።

የምንሄድበት ቀን ደረሰ። ሦስታችን፣ እሷና አቤልና እኔ፣ ጠዋት ከካሳራኒ ተነሣን። የቲካ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ስንደርስ ጊዜያችን ተሟጦ ነበር። አውሮፕላን ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ተሳፋሪው ከመኪና ወርዶ የሚፈተሽበት ቦታ አለ። እዚያ ሠርክ ሻንጣውን አቅፋ ቆመች፤ ዕቃው በፍተሻው መሣሪያ ውስጥ ማለፍ እንዳለበት ሲነገራት ፊቷ ተለወጠ።

"መሣሪያው ይከፍተዋል?" አለችኝ።

"አይከፍተውም። ውስጡን ያየዋል እንጂ።"

"ሳይከፍት ያየዋል?"

"አዎን።"

አሰበችበት። "ማየት መክፈት አይደለም" አለችና በገዛ እጇ አስተኛችው። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ አቡጀዲውን አራግፋ ተቀበለችው። እዚያ የሚፈለገው ፈንጂና ጠመንጃ እንጂ ሽቶ ስላልሆነ ማንም አልጠየቀንም፤ እሷም ወደ እኔ ዞራ በኩራት "አዩ?" አለችኝ። በተርሚናሉ በር ላይም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች አስረክበን መሳፈሪያ ወረቀታችንን ስንቀበል፣ ቆጣሪው ላይ ያለችው ልጅ ትሕትና አሳይታ "ማማ፣ ይህንንም ልጫንልሽ?" አለቻት። ሠርክ ሻንጣውን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ልጅቷ ሳቀችና አለፈችን። ያቺ ልጅ በግድ ብትቀበላት ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

ወደ መሳፈሪያው በር ሲደረስ የመጨረሻው ፍተሻ አለ። ቀበቶ ፈታን፣ ጫማ አወለቅን። የእኔ ሱሪ ያለ ቀበቶ አይቆምም፤ በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በአንድ እጄ ጫማዬን ይዤ ተሻገርኩ፤ ለሽማግሌ የሚሆን ቦታ አይደለም። የአቤል ዕቃ አለፈ፣ የእኔም አለፈ። ነጩ ሻንጣ ግን መሣሪያው ሆድ ውስጥ ቆመ። ወደ ኋላ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ከዚያ ለብቻው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተገፋ።

ፈታሿ በዕድሜ የሠርክ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ባጇ ላይ ናፉላ ይላል። ጓንቷን እያጠለቀች "የማን ነው?" አለች።

"የእኔ" አለች ሠርክ፣ አቅፋው ማለት ይቻላል።

"ማማ፣ ትልቅ የሽቶ ጠርሙስ አለበት። ፉንጉዋ" አለቻት። ክፈቺው ማለቷ ነው።

"ይህ አይከፈትም።"

እኔ ቀበቶዬን ሳላስር ገባሁበት። ስዋሂሊዬ የገበያ ቢሆንም የምፈልገውን ያደርስልኛል። የሠርግ ስጦታ መሆኑን፣ ከቤት ተመርቆ የተዘጋ መሆኑን፣ የሚከፈተው በሙሽራዋ ወገኖች ፊት መሆኑን ነገርኳት። ናፉላ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

"ባባ፣ በእኛም አገር ወግ አለ" አለችኝ። "እኔም ተድሬያለሁ። ግን ይህ ሳይከፈት በዚህ በር ቢያልፍ ነገ እኔ እዚህ አልቆምም። ሽቶውን ብቻ ላውጣ፣ ሌላውን አልነካም።"

ሠርክ እንቢ ስትል አንገቷን ነቀነቀች።

"እንግዲያው ወይ ይከፈታል፣ ወይ እዚህ ይቀራል" አለች ናፉላ። "ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እንድታስጭኑት ጊዜ የላችሁም። የእናንተ አውሮፕላን እየተሳፈረ ነው።"

እውነቷን ነበር። በድምፅ ማጉያው የበረራችን ስም ሲጠራ ሰማን። አቤል ሰዓቱን አየ፣ እናቱን አየ። "እማ፣ ፕሊስ። ሽቶ ነው እኮ። አዲስ አበባ እገዛልሻለሁ፣ ከዚህ የሚበልጥ እገዛልሻለሁ።"

ሠርክ ሻንጣውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና አጠገቡ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ አደረገችው። "እናንተ ሂዱ" አለች። "ሠርጉ እንዳይስተጓጎል። እኔ ይህን ይዤ ወደ ቤት እመለሳለሁ።"

እኔ ቁጣ ይቀርበኛል፣ ለማንም አልደብቅም። አንድ ልጅ አላት፤ ለዚያ ልጅ ስትል ስንት ዓመት በማታቱ ተጋፍታ፣ ስንት ዓመት በእሳት ፊት ቆማ፣ ሠርጉን ሳታይ ልትቀር! የሙሽራው እናት የሌለችበት ሠርግ ምን ዓይነት ሠርግ ነው? ሰው መኖሩን ረስቼ ጮኽኩባት። "ለአንድ ጠርሙስ ሽቶ ብለሽ ከልጅሽ ሠርግ ልትቀሪ ነው? አበድሽ እንዴ አንቺ ሴት!"

"ለሽቶ አይደለም!"

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ከኋላችን ጫማ የሚያወልቁት ሰዎች ቀና አሉ።

"ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያን ጊዜ ኬላው ላይ። አጎቴ 'ቆይ እንለምናቸው፣ ይተዉናል' እያለኝ ነበር። ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ደረሰ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ናይሮቢ ደርሼ እሱን ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። 'ይክፈቱትና እንሂድ' ብዬ ቁልፉን ከማዕተቤ ላይ ፈትቼ በእጄ ሰጠኋቸው። ማንም አላስገደደኝም። እናቴ ነግራኝ፣ ሰምቼ፣ እያወቅሁ ሰጠሁ። ይድነቃቸውን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ገብሬ። አሁን ደግሞ የልጁን ትዳር በእጄ ልክፈት?"

ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንሠራ፣ በበርበሬ ስንጣላ፣ በዓል ስናከብር፣ ይህን በሆዷ ይዛ ነበር ለካ። የጮኽኩባት ቆጨኝ፤ ይበልጥ ደግሞ አዘንኩላት። ለባሏ ሞት መኪናውን የነዳው ሰው ተከሶ፣ ተፈርዶበት ወጥቷል። እሷ ግን ማንም ሳይከሳት ፈርዳ ታስራለች።

አቤል ይህን ሰምቶ አያውቅም። አባቱ በመኪና አደጋ መሞቱን እንጂ እናቱ ራሷን ገዳይ ማድረጓን ማን ይነግረዋል? ልጁ ፊት ለፊቷ በርከክ አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"እማ፣ ስጪኝ።"

"አትንካው አቤል!"

"የማን ሠርግ ነው?"

ሻንጣውን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

"የእኔ ነው" አላት። "ሚስቲቱም የእኔ ናት። መከፈት ካለበት እኔ እከፍተዋለሁ። መጥፎ ነገር የሚመጣም ከሆነ በእኔ ይምጣ፣ አንቺ የለሽበትም። ሰማሽኝ? በዚህ ውስጥ የለሽበትም።"

ሻንጣውን ከጭኗ ላይ አነሣው። አልሰጠችውም፣ አልከለከለችውምም፤ ጣቶቿ ብቻ አቡጀዲውን እስከ መጨረሻው ተከትለው ሄዱ። እሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ስፌቱን በጥፍሩ ይዞ ጎተተ። የሠርክ ስፌት ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ናፉላን መቁረጫ ጠየቃት፤ ለተሳፋሪ ስለት አይሰጥም አለችው። ጎንበስ አለና በጥርሱ ያዘው። ሙሽራ፣ ያን የመሰለ ሱፍ ለብሶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ክር በጥርሱ ሲበጥስ አየሁ። አንዷ ክር ስትለቅ እኔም ሱሪዬን ትቼ በሌላው በኩል ያዝኩለት። ሱሪዬ እንደምንም ሳይወርድ ቆየ።

ሠርክ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር። አቤል "ቁልፉን እማ" ሲላት ሳትገልጥ ከአንገቷ አወጣችና ዘረጋችለት። እሱ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት እጇን ሳመው።

ናፉላ ቃሏን ጠበቀች። ከቀሚሱ መሐል ሽቶውን ብቻ በሁለት ጣት መዘዘች፣ ጠርሙሱን ለአቤል ሰጠችው፤ አቤልም ራሱ ዕቃ መጣያው ውስጥ ጨመረው። ሲወድቅ ድው አለ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ነበር እንግዲህ። ቀሚሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር ናፉላ ጓንቷን አውልቃ፣ በባዶ እጇ ጠርዙን መለሰችው። "ማሪዳዲ" አለች፣ እንዴት ያምራል ማለቷ ነው። ዚፑን ዘጋችና ሻንጣውን ገፋችልን። የተበጠሰው አቡጀዲ ከጎኑ ተንጠልጥሏል።

"አለቀ?" አለች ሠርክ ከነጠላዋ ሥር።

"አለቀ፣ እማ።"

ቀስ ብላ ገለጠች። አካባቢዋን አየች። ምን እንደጠበቀች አላውቅም፤ ጣሪያው ይወርዳል ብላ ይሆናል። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ላፕቶፑን አውጥቶ ትሪው ላይ ያስቀምጣል። አንዲት ፈረንጅ የሕፃን ጋሪ አልታጠፍ ብሏት ትታገላለች። ናፉላ ቀጣዩን ሻንጣ እየጠራች ነው። ዓለም እንዳለ ነው። ሠርክ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አየችው።

ጫማችንን አድርገን ወደ መሳፈሪያው በር ተጣደፍን። አቤል ሻንጣውን ይዞ ቀደም ቀደም ይላል፣ እኔ ቀበቶዬን እየሄድኩ አስራለሁ። መሐል መንገድ ላይ ሠርክ ቆመች። በሩ ሊዘጋ መሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁና ተውኩት።

"አቤል" አለችው።

ተመለሰ።

"አባትህን የገደልኩት እኔ አይደለሁም፣ አይደል?"

የጠየቀችው በወትሮ ድምፅዋ ነው፤ ወጡ ጨው በቅቶታል ወይ ብላ እንደምትጠይቀው። ዓይኗ ግን ከልጁ አፍ ላይ አልተነሣም። እኔ ያን ጊዜ ብናገር ምንም አይጠቅማትም ነበር። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ወዳጅ ነኝ፤ ያ ልጅ ግን የሟቹ ልጅ ነው፣ አባት ያጣው እሱ ነው። ይህን ሊላት የሚችል ከእሱ በቀር በምድር ላይ ሰው አልነበራትም።

"አይደለሽም" አላት።

"በእውነት?"

"ሀኪ ያ ሙንጉ፣ እማ። አንቺ አይደለሽም። መኪና ነው የገደለው።"

በእግዜር ስም ሲምል የሚምለው በስዋሂሊ ነው፤ ከልጅነቱ እንዲህ ነው፤ ሲዋሽ በዚህ ምሎ አያውቅም። እናቱም ታውቀዋለች። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። በሩ ላይ የቆመው ልጅ በእጁ ቶሎ በሉ ይለናል።

ሠርክ ነጠላዋን መልሳ አጣፋች።

"በሉ እንሂድ" አለችን፣ እኛ ያስቆምናት ይመስል። "የሰው ልጅ እየጠበቀችን ነው።"